ስለ «ወ/» ምሕፃረ ቃል፤ ብዙ ትርጓሜውና በመዝገብ ላይ ያለው አጠቃቀም

በየመሥሪያ ቤቱ በሚጻፉ ደብዳቤዎች፥ በፍርድ ቤት መዝገቦች፥ በቤትና በቦታ ሰነዶች እንዲሁም በቤተ ክርስቲያን የጥምቀት ምስክር ወረቀቶች ላይ ዘወትር ከምናያቸው ምሕፃረ ቃላት መካከል እጅግ አጭርና እጅግ የተዘወተረ አንድ አለ፤ ይኸውም «ወ» የምትባለው ፊደልና ከእርስዋ ቀጥሎ የሚሰመረው እዝባር ነው። ጸሐፊው በጻፈበት ሰዓት ምን ማለቱ እንደ ሆነ ያውቃል፤ አንባቢውም በዚያው ከተማ የሚኖርና ባለ ስሙን የሚያውቅ ከሆነ አይሳሳትም። ችግሩ የሚነሣው መዝገቡ ከጸሐፊውም ከባለ ስሙም ዕድሜ ተርፎ ሁለቱንም በማያውቅ ሰው እጅ ሲገባ ነው። መዝገብም የሚቀመጠው ይልቁን ለእንዲህ ያለው ጊዜ ስለ ሆነ፥ የዚህን አጭር ምሕፃር ልዩ ልዩ ትርጓሜ ማስረዳት ለከተማው ነዋሪም ለየጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊም የሚጠቅም መስሎ ታይቶናል።

ከሥሩ ለመነሣት ያህል፥ «ወ» በግእዝ ራስዋ ትርጉም ያላት ፊደል ናት፤ በቃል መነሻ ላይ ስትገባ «እና» ማለት ናት። በጽሑፍ መጨረሻ የምናገኘው «ወ.ዘ.ተ.» በዚህችው «ወ» የሚጀምር ነው፤ ሙሉ ንባቡ «ወዘተርፈ»፥ ፍችውም «የቀረውም» ማለት ነው። ስለዚህ «በሬ፥ ላም፥ በግ እና ወ.ዘ.ተ.» ብሎ የሚጽፍ ሰው «እና»ን ሁለት ጊዜ ብሏል። ይህ አጻጻፍ ማንንም አይጎዳም፤ ሆኖም በታላላቅ መሥሪያ ቤቶች ደብዳቤ ላይ ሳይቀር ስለሚታይ ማሳሰቡ አይከፋም።

በጽሕፈት ቤቶች ያለው አጠቃቀም እንደየሥራው ይለያያል። በሒሳብ መዝገብ «ገ» ገቢ ሲሆን «ወ» ወጪ ነው። ቀን በሚጻፍበት ስፍራ «ቀ/ወ/ዓ» ተብሎ ሲታተም መካከለኛይቱ ፊደል ወርን ታመለክታለች። በአድራሻ ላይ ወረዳ ማለት ናት። በማኅበር ስም፥ ማለት «ወ.ወ.ክ.ማ.» በሚለው፥ ሁለት «ወ» ጐን ለጐን ቆመው አንዱ ወጣት፥ ሁለተኛው ወንዶች ማለት ነው፤ የሴቶቹ ማኅበር «ወ.ሴ.ክ.ማ.» ሲባል ግን ሁለተኛው ስፍራውን ለ«ሴ» ለቅቋል። በምዝገባ ቅጽ ላይ ደግሞ፥ ጾታ በሚለው ዓምድ ሥር፥ «ወ» ወንድ፥ «ሴ» ሴት ተብሎ ይነበባል። ከታች ስለምንመለስባት አንባቢ ይህችን የመጨረሻዋን «ወ» በልቡ ይያዛት።

የሕግ ሰዎችም የራሳቸው አጻጻፍ አላቸው። «ወ/መ/ሕ/ቁ» ሲሉ በ1949 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ቁጥር ማለታቸው ነው። «ወ/ሕ/ቁ» ሲሉ ግን እርሱን ተክቶ በ1996 ዓ.ም. የወጣውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ቁጥር ማለት ነው። ሁለቱን የምትለያቸው አንዲት «መ» ብቻ ናት። በቀድሞው ሕግ ስለ ከባድ ሰው ግድያ የሚናገረው ቁጥር 522 ሲሆን በኋለኛው 539 ነው፤ የሁለቱ አንቀጾች አቈጣጠር አይገጥምም። እንግዲህ የቀድሞ ፍርድ የሚገለብጥ ጸሐፊ «መ»ን ቢዘልላት፥ አንባቢው በዚያ ቁጥር ሄዶ የሚያገኘው ሌላ ነገር ይሆናል።

ወደ ማዕረግና ወደ መጠሪያ ስንመጣ፥ «ወ/ሮ» ወይዘሮ፥ «ወ/ት» ወይዘሪት፥ «ወ/ር» ወታደር ማለት ነው። ወይዘሮ ቀድሞ ለመሳፍንትና ለመኳንንት ወገን ሴቶች የሚሰጥ የክብር መጠሪያ ነበረ፤ ኋላ ግን ባለ ትዳር ሴት ሁሉ የምትጠራበት ሆኗል። ሦስቱም ቃላት በአንዲት ፊደል ሲጀምሩ ማንም አያምታታቸውም። ምክንያቱም ከእዝባሩ በኋላ የቃሉ መጨረሻ ፊደል ተጽፎ ስለሚገኝ ነው፤ መነሻውና መድረሻው የሚታይ ቃል መካከሉ ቢጐድልም ይታወቃል። ሻምበልና ሻለቃ ሁለቱም በ«ሻ» ይነሣሉ፤ ዳሩ ግን «ሻ/ል»ና «ሻ/ቃ» ተብለው ስለሚጻፉ የአንዱ ማዕረግ ለሌላው አይሰጥም። «ዶ/ር»፥ «ኮ/ል»፥ «መ/ር»፥ በቀድሞ ዘመን ደብዳቤዎችም «ደ/ማች»ና «ቀ/ማች» በዚሁ ሥርዓት የሚሄዱ ናቸው። በእነዚህ ላይ የምንነቅፈው ነገር የለም።

ይህ መልካም ሥርዓት የሚፈርሰው በሰው ስም ላይ ነው። «ወ/ማርያም» ተብሎ ሲጻፍ ከእዝባሩ በኋላ የምናገኘው የመጀመሪያውን ቃል መጨረሻ ሳይሆን ሁለተኛውን ቃል በሙሉ ነው። ከ«ወ» በኋላ ምን እንደ ነበረ የሚናገር አንድም ምልክት አልቀረም። ወልደ ማርያም ሊሆን ይችላል፤ ወለተ ማርያምም ሊሆን ይችላል። ወልደ ማለት የእገሌ ወንድ ልጅ፥ ወለተ ማለት የእገሌ ሴት ልጅ ስለ ሆነ፥ አንደኛው የወንድ፥ ሁለተኛው የሴት ስም ነው። «ወ/ሮ ወ/ማርያም ወ/ማርያም» የሚል ጽሑፍ ቢቀርብልን ሦስት ጊዜ የተጻፈው ምሕፃር ሦስት ልዩ ልዩ ቃል ሆኖ ይገኛል፤ ሙሉ ንባቡ ወይዘሮ ወለተ ማርያም ወልደ ማርያም ነው። እዚህ ላይ ከስሕተት ያዳነን ፊት የቆመው «ወ/ሮ» ነው፤ እርሱ ባይኖር ሴት መሆናቸውን የሚያስታውቀን አልነበረም።

በ17ኛው መቶ ዓመት የነበረችውን፥ ገድልዋም የተጻፈላትን ቅድስት ወለተ ጴጥሮስን «ወ/ጴጥሮስ» ብለን ብንጽፋት፥ ታሪክዋን ያልሰማ ሰው ወንድ መነኵሴ ናት ብሎ ያስብ ነበር። የእቴጌ ምንትዋብ የክርስትና ስም ወለተ ጊዮርጊስ፥ የእቴጌ ጣይቱም ወለተ ሚካኤል ነበረ። የትግራዩ ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ደግሞ ወንድ ነበሩ። በጽሕፈት ቤቶቻችን ልማድ ቢጻፉ ሁሉም በአንድ «ወ/» ሥር ይገቡ ነበር። ይህም ብቻ አይደለም፤ አንባቢ ሁሉ ምሕፃሩን ሲያይ አስቀድሞ በአሳቡ የሚመጣለት ወልደ ነው። ስለዚህ ስሕተቱ ወደ ሁለቱም ወገን እኩል የሚያዘነብል አይደለም፤ ከመዝገብ የምትጠፋው ዘወትር ሴቲቱ ናት።

በትግርኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ወለተ በአነጋገር አጥሮ «ለተ» ስለሚባል፥ ለተሚካኤልና ለተብርሃን የሚሉት ስሞች በ«ለ» ይጀምራሉና ይህ መደናገር በመጠኑ የቀለለ ነው። ነገር ግን አንዲት ሴት በሰፈር ለተሚካኤል ተብላ እየተጠራች በጥምቀት መዝገብ «ወ/ሚካኤል» ተብላ ከተጻፈች፥ ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን ለማስረዳት ሌላ ድካም ይጠይቃል። ከፌዴሬሽኑ በፊት የትግርኛው ሳምንታዊ ጋዜጣ አዘጋጅ የነበሩትን ወልደአብ ወልደማርያምን፥ ወይም ከ1947 እስከ 1955 ዓ.ም. የኤርትራ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩትን አስፍሐ ወልደ ሚካኤልን ስማቸውን አሳጥሮ ቢጽፍ ማንም አይስትም፤ ታላቅ ሰው ስሙ ቢያጥርም ዝናው ይሞላለታል። ዝና የሌለው የከተማ ነዋሪ ግን በመዝገቡ ላይ ያለው ስሙ ብቻ ነው።

ጉዳቱ እንዴት እንደሚመጣ በምሳሌ እናሳይ። አቶ ገብረ ሥላሴ የሚባሉ አባት አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ነበሯቸው እንበል፤ ሁለቱም በእመቤታችን በዓል ሰሞን ስለ ተወለዱ ወንዱ ወልደ ማርያም፥ ሴቲቱ ወለተ ማርያም ተባሉ። በአገራችን ሰው የሚታወቀው በራሱ፥ በአባቱና በአያቱ ስም ነው። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖር ደንግጎ ነበር፤ ሆኖም ይህ በሕዝቡ ልማድ አልጸናም። ስለዚህ የአባታቸውም የአያታቸውም ስም አንድ የሆነውን ወንድምና እኅት በጽሑፍ የሚለያያቸው የራሳቸው ስም ብቻ ነው።

እኅቲቱ ነግደው ባገኙት ገንዘብ በከተማው ውስጥ ቤት ገዙ። የውሉ ጸሐፊ «ወ/ማርያም ገ/ሥላሴ ቤቱን ገዝተዋል» ብሎ ጻፈ፤ ወይዘሮ የሚለውን ስፍራ ስለ ጠበበው ተወው። እዚህ ላይ የቋንቋችንን ጠባይ ልብ እንበል። «ገዝቷል» ቢል ወንድ፥ «ገዝታለች» ቢል ሴት መሆኑ ይታወቅ ነበር። ነገር ግን በውል ላይ ሰው በአክብሮት ስለሚጠራ «ገዝተዋል» ተባለ፤ በአክብሮት የሚነገር ግስ ደግሞ ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። ስለዚህ ስሙ የሸሸገውን ግሱም አይገልጠውም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ወንድምም እኅትም ሞቱ፤ ውሉን የፈረሙ ምስክሮችም የሉም። የወንድምየው ልጆች «አባታችን ወልደ ማርያም ገብረ ሥላሴ የገዙት ነው» ብለው ቀረቡ፤ የእኅቲቱም ልጆች «የእናታችን የወለተ ማርያም ገብረ ሥላሴ ነው» አሉ። ውሉ ለሁለቱም ወገን እኩል ይመሰክራል። የግብር ደረሰኞቹም ከውሉ ላይ የተገለበጡ ስለ ሆኑ «ወ/ማርያም» ከማለት በቀር የሚጨምሩት የላቸውም። ከዚህ ቀደም ሲል ግን አንድ ጸሐፊ አሮጌውን የባለቤቶች ዝርዝር ወደ አዲስ ቅጽ አዛውሮት ነበር። አዲሱ ቅጽ የጾታ ዓምድ አለው፥ አሮጌው የለውም። ጸሐፊው «ወ/»ን አይቶ ወልደ መሰለውና በጾታው ዓምድ «ወ» ብሎ ሞላ። ከላይ አንባቢ ይያዛት ያልናት ፊደል ይህች ናት። አንድ ሰው የገመተው ነገር በማኅተም በጸና ቅጽ ላይ ስለ ተገኘ እንደ ማስረጃ ይቈጠራል፤ የመጀመሪያው ምሕፃር አጠራጣሪ ብቻ ነበረ፥ ሁለተኛው ግን በእርግጠኝነት ይሳሳታል። ከዚህ በኋላ ዕውነቱን ለማውጣት የሰፈር ሽማግሌዎችን ቃል፥ የቤተ ክርስቲያን መዝገብንና የብዙ ቀጠሮ ትዕግሥትን ይጠይቃል፤ በመካከሉም የአንድ አያት የልጅ ልጆች ተቈራርጠዋል።

ሌሎቹም ምሕፃራት ከዚህ ነቀፋ የራቁ አይደሉም። «ተ/ማርያም» ተክለ ማርያምም ተስፋ ማርያምም ይሆናል። በ1923 ዓ.ም. የወጣውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሁለቱም ስማቸው ላይ ይህ «ተ/» የሚወድቅባቸው ናቸው። «ክ/» ክንፈ ወይም ክፍለ ነው። «ኃ/» በትክክል ሲጻፍ ኃይለ ነው፤ ሆኖም ሀ፥ ሐና ኀ ሳይለዩ በሚጻፉበት ስፍራ «ሃ/ማርያም» ኃይለ ማርያም ይሁን ሀብተ ማርያም አይታወቅም። ከሁሉ የሚሻለው «ገ/» ነው፤ እርሱን ዘወትር ገብረ ብለን ብናነበው አንስትም። የእስላም ወገኖቻችንን ስም በተመለከተ «አ/ቃድር» ተብሎ ሲጻፍ አብዱልቃድር መሆኑ ግልጽ ነው፤ የ«አብድ»ና የ«ገብረ» ትርጓሜ አንድ፥ ይኸውም አገልጋይ መሆኑን ስናስብ፥ ሁለቱ ከሌሎቹ ይልቅ ከመደናገር መትረፋቸው ያስደንቃል።

አንዳንድ ሰዎች «ማሳጠር የአባቶቻችን ልማድ ነው» ይላሉ። ነገሩ ዕውነት ነው፤ ብራና ውድ ነበረና የጥንት ጸሐፍት ያሳጥሩ ነበር። እስራኤል የሚለውን ቃል «፳ኤል» ብለው የጻፉበት ብዙ ነው፤ ሃያ በግእዝ ዕሥራ ስለሚባል በአኃዙ ቃሉን አሳጠሩት። በድጓ ላይ ከንባቡ በላይ በቀጭኑ የሚጻፉት የዜማ ምልክቶችም ከታወቁ የዜማ ቃላት የተወሰዱ ጥቂት ፊደላት ናቸው፤ ተማሪው እነዚያን ፊደላት ሲያይ ዜማው ሁሉ ይታወሰዋል። ነገር ግን ልዩነቱን ልብ ማለት ያስፈልጋል። አባቶች ያሳጠሩት ሁሉም በቃሉ የሚያውቀውን ነበር። «፳ኤል»ን ሌላ አድርጎ የሚያነብ የለም፤ ድጓውንም የሚከፍተው ዜማውን አስቀድሞ ያጠና ነው። እኛ የምናሳጥረው ግን የአንድን ሰው ስም፥ ይኸውም ከባለቤቱና ከቤተ ሰቡ በቀር ማንም በቃሉ ሊያውቀው የማይገደደውን ነው።

ትርፉስ ምን ያህል ነው? ወልደ ሦስት ፊደል ነው። ወለተም ሦስት ፊደል ነው። ገብረ፥ ተክለ፥ ኃይለ፥ ሀብተ፥ ተስፋ ሁሉም ሦስት ሦስት ፊደል ናቸው። «ወ/» ደግሞ ከነእዝባሩ ሁለት ምልክት ነው። ስለዚህ ጸሐፊው በእያንዳንዱ ስም ላይ የሚያተርፈው የአንዲት ፊደል ስፍራ ብቻ ነው። በላቲን ፊደል የሚጽፉ ሕዝቦች አናባቢውን ለብቻው ስለሚጽፉ ገብረ የሚለውን ለመጻፍ አምስት ፊደል ያስፈልጋቸዋል፤ እነርሱ ቢያሳጥሩ ምክንያት አላቸው። የእኛ ፊደል ግን ከነድምፁ የተሟላ ስለ ሆነ አስቀድሞ የታጠረ ነው። በቅጾች ላይ ያሉት ዓምዶች ጠባብ መሆናቸው እርግጥ ነው፤ ለዚህ መድኃኒቱ ዓምዱን ማስፋት ነው።

ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ሲሆን ችግሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በፓስፖርት ግርጌ በመሣሪያ በሚነበበው መስመር ላይ ከ26ቱ የላቲን ፊደላት፥ ከአኃዞችና ከአንድ የመሙያ ምልክት በቀር ሌላ አይገባም፤ እዝባር ስፍራ የለውም። ስለዚህ በአገር ቤት «ወ/ሚካኤል» የነበረው ስም አንዲት ተንጠልጣይ ፊደል ከሚካኤል ጋር የተጣበቀችበት፥ ወይም ለብቻዋ የቆመችበት ስም ይሆናል። በአሜሪካ ደግሞ በስምና በቤተ ሰብ ስም መካከል ባለ አንድ ፊደል ምሕፃር መጻፍ የተለመደ ስለ ሆነ፥ ያችን ፊደል ሌላ ሦስተኛ ስም አድርገው ይወስዱአታል። ልጅ በአባቱ ስም ውርስ ወይም የቤተ ሰብ ማገናኛ ሲጠይቅ የአባቱ ስም በአንዱ ወረቀት ሙሉ፥ በሌላው የተቈረጠ ሆኖ መገኘቱ ማስረዳት የሚያስፈልገው ነገር ይሆናል። በአገር ውስጥም ቢሆን መዝገቦች ወደ ኮምፒዩተር በተዛወሩበት በአሁኑ ዘመን «ወ/ማርያም»፥ «ወልደ ማርያም»ና ሁለቱ ቃላት ተገጥመው የተጻፉበት «ወልደማርያም» ለመሣሪያው ሦስት ልዩ ልዩ ስሞች ናቸው። ሰው በአሳቡ የሚያገናኛቸውን መሣሪያው አያገናኛቸውም፤ አንዱን ሲፈልጉት ሁለቱን «የሉም» ይላል።

በ2004 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 760 መሠረት የልደት፥ የጋብቻ፥ የፍችና የሞት ምዝገባ በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በአገር አቀፍ ደረጃ ተጀምሯል፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 ወጥቷል። የጣት አሻራና የመታወቂያ ቁጥር ሰውን ከሰው መለየታቸው የማይካድ ነው። ዳሩ ግን አሻራው የሚመሰክረው በሕይወት ስላለው ሰው ነው። የሟች ውርስ፥ የአሮጌ ቤት ውልና የቀድሞ የጡረታ መዝገብ የሚፈለጉት አሁንም በስም ነው፤ ዛሬ የተጻፈው ስህተት ያለበት ስምም በአዲሱ መዝገብ ከቁጥሩ ጋር ተቈራኝቶ ይኖራል።

ስለዚህ በየጽሕፈት ቤቱ ያሉ ጸሐፊዎች የሰውን ስም በሙሉ እንዲጽፉ፥ «ወ/ሮ»ንና «ወ/ት»ን የመሳሰሉትን ግን እንደ ልማዳቸው ቢያሳጥሩ ግድ እንደሌለው እንገልጻለን። የስሙ ሁለት ቃላት ተለያይተው ወይም ተገጥመው መጻፋቸው በባለ ስሙ ፈቃድ ነው፤ አንድ ጊዜ የተጻፈበትን መልክ ግን በሁሉም ወረቀት ላይ መጠበቅ ይገባል። አሮጌ መዝገብ በሚገለበጥበት ጊዜ የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአሮጌው ላይ «ወ/» ከሆነ በገማች አእምሮ ወልደ ወይም ወለተ ተብሎ አይሞላም፤ እንዳለ «ወ/» ተብሎ ይገለበጣል፥ ባለ ስሙ ወይም ወራሹ በማስረጃ ያረጋገጠው ሙሉ ስም በአጠገቡ ባለው የማስታወሻ ስፍራ ይጻፋል፥ ማስረጃው ምን እንደ ሆነም አብሮ ይመለከታል። የጾታ ዓምድ ካለ ከስሙ ተገምቶ አይሞላም።

የከተማው ነዋሪ ደግሞ ማንኛውንም ወረቀት ከመፈረሙ በፊት ስሙን፥ የአባቱንና የአያቱን ስም አንድ በአንድ አንብቦ ያጠረ ቢያገኝ እዚያው በጸሐፊው ፊት እንዲሞላለት ይጠይቅ። ከዚህ ቀደም በምሕፃር የተጻፈ የቤት ወይም የመሬት ሰነድ በእጁ ያለው ሰው፥ ይልቁንም ስሟ በወለተ የሚጀምር ሴት፥ እርማቱን ለልጆች ባይተው መልካም ነው። ባለቤቱ በሕይወት ሳለ፥ የሚያውቁትም ሰዎች ሳሉ፥ የጥምቀት ምስክር ወረቀቱንና መታወቂያውን ይዞ ሰነዱን ወደ ሰጠው መሥሪያ ቤት በማመልከቻ ይቅረብ። መሥሪያ ቤቱ በራሱ ሥልጣን ሊያርመው የማይችል ቢሆን የእምቢታውን ምክንያት በጽሑፍ ተቀብሎ ወደ ፍርድ ቤት ይሂድ። በማመልከቻውም ላይ የራሱን ስም ሲጽፍ፥ እዝባር አይጠቀም።